ከሌላው ሥራ መማር ለነጋዴ ያለው ጥቅም

በንግድ ሥራ የተሰማራ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ገንዘብ፣ ታማኝነትና ዕውቀት ነው። ገንዘብ ያጠረው ከባንክ በወለድ ይበደራል፤ ታማኝነትም በብዙ ዘመን ሥራ ይገኛል። ዕውቀት ግን ወለድ ሳይከፈልበት ከጎረቤት፣ ከደንበኛ፣ ከተወዳዳሪ፣ ከባዕድ አገር ሰውም ጭምር ሊገኝ የሚችል ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሀብት ለመቀበል አንድ መያዣ ያስፈልጋል፤ እርሱም «ይህን እኔ አላውቅም፤ ያ ሰው ያውቀዋል» ለማለት የሚደፍር ልብ ነው። ይህ መያዣ የሌለው ነጋዴ ካፒታሉ ምንም ያህል ቢበዛ፣ ሌሎች እየተማሩ ሲያልፉት እርሱ በነበረበት ይቀራል።

ከሌላው መማር ሲባል ግን የሌላውን መልክ መቅዳት ማለት አይደለም። በየከተማው እንደሚታየው አንድ ሱቅ በአንድ ዓይነት ዕቃ ገበያ ሲያገኝ፣ ያንኑ ዕቃ የሚሸጡ ዐሥር ሱቆች ከአጠገቡ ወዲያው ይከፈታሉ። ገዢው ያው በመሆኑ ትርፉ ለዐሥራ አንድ ይከፈላል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም አንዳንዶቹ በራቸውን ይዘጋሉ። እነዚህ ባለሱቆች ከጎረቤታቸው የወሰዱት የሸጠውን ዕቃ ነው እንጂ የሸጠበትን ዘዴ አይደለም። ዕቃውን በስንት ቀን እንደሚያድስ፣ ቅር ላለው ደንበኛ ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ ሒሳቡን እንዴት እንደሚይዝ የመረመረ የለም። መቅዳትና መማር የሚለያዩትም በዚህ ነው፤ የሚቀዳ ሰው በዐይን የሚታየውን ይወስዳል፤ የሚማር ሰው ግን ከሚታየው በስተኋላ ያለውን ምክንያት ይፈልጋል።

ይህን ልዩነት በግልጥ ከሚያሳዩት የንግድ ታሪኮች አንዱ፣ ከአሜሪካ የምግብ መደብር ተነሥቶ ወደ ጃፓን የኦቶሞቢል ፋብሪካ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ አሜሪካ፣ በኋላም ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው ትምህርት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. በሜምፊስ ከተማ የተከፈተው ሱቅ

እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ የምግብ ሸቀጥ ይሸጥ የነበረው፣ ደንበኛው ከባንኮኒው ውጭ ቆሞ የሚፈልገውን ሲናገር ሻጩ ከመደርደሪያ እያወረደ፣ እየመዘነና እየጠቀለለ ሲሰጠው ነበር። ይህ ልማድ ብዙ ሻጮች መቅጠርን ይጠይቅ ነበር፤ ደንበኛውም ተራው እስኪደርስ ድረስ ይቆማል።

በ1916 ዓ.ም. ሚስተር ክላረንስ ሳንደርስ የተባሉ ነጋዴ በቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ፣ ፒግሊ ዊግሊ የሚል ስም የሰጡትን ሱቅ ከፈቱ። በዚህ ሱቅ ደንበኛው በአንድ በር ገብቶ፣ ቅርጫት ይዞ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየዞረ፣ ዋጋው የተጻፈበትን ዕቃ በገዛ እጁ ያነሣል፤ በመውጫው በርም ለገንዘብ ተቀባዩ ከፍሎ ይሄዳል። ሚስተር ሳንደርስ ለዚህ አሠራር በ1917 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። ከጊዜ በኋላ በመላው ዓለም ለተስፋፉት ሱፐርማርኬቶች ሁሉ መነሻ የሆነው ይህ አሠራር ነው።

የአዲሱ ሱቅ ጥቅም በመጀመሪያ የታየው በሻጮች ደመወዝና በደንበኛው ጊዜ ላይ ነበር። ነገር ግን ሌላ የተሰወረ ጥቅም ነበረው። ደንበኛው ዕቃውን ራሱ ሲያነሣ በመደርደሪያው ላይ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ያም ክፍት ቦታ ምን እንደተሸጠና ምን ያህል እንደተሸጠ ለባለሱቁ ይነግረዋል። ባለሱቁም በግምት ሳይሆን የጎደለውን ብቻ አይቶ ይተካል። ይህን የተሰወረ ጥቅም እጅግ አርቆ ያየው ከሌላ አገርና ከሌላ ሙያ የተነሣ ሰው ነበር።

2ኛ. የተቸገረው ፋብሪካ

የቶዮታ ኦቶሞቢል ኩባንያ የተቋቋመው በ1937 ዓ.ም. ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን በድኽነት ላይ ስለነበረች፣ በ1949 ዓ.ም. ኩባንያው የሠራውን መኪና ሸጦ ገንዘቡን መሰብሰብ አቃተው፤ ባንኮች ተባብረው ብድር ባይሰጡት ኖሮ ሥራውን ለመቀጠል አይችልም ነበር። በ1950 ዓ.ም. ብዙ ሠራተኞች ሥራቸውን ለቀቁ፤ መሥራቹ ሚስተር ኪይቺሮ ቶዮዳም የደረሰውን ችግር ኃላፊነት ተቀብለው ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የኮሪያ ጦርነት ያመጣው የጭነት መኪና ግዢ ኩባንያውን ከውድቀት አተረፈው።

በዚሁ በ1950 ዓ.ም. የመሥራቹ ዘመድ ሚስተር ኤይጂ ቶዮዳ ወደ አሜሪካ ሄደው በሚሺጋን ግዛት የሚገኘውን ታላቁን የፎርድ ፋብሪካ ጎበኙ። በዚያን ጊዜ ፎርድ በቀን 8,000 ያህል መኪና ሲሠራ፣ ቶዮታ የሚሠራው በቀን 40 ብቻ ነበር። ይህን የመሰለ ልዩነት የሚያይ ሰው ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል፤ ወይ «እኛ ወዲህ፣ እነርሱ ወዲያ፤ ከእነርሱ የምንማረው ነገር የለም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም ተበድሮ የዚያኑ ዓይነት መሣሪያ ይገዛና የሚገዛው ሳያገኝ በዕዳ ይሰጥማል።

ሚስተር ኤይጂ ቶዮዳ ግን በጉብኝታቸው ጊዜ አንድ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አስተዋሉ፤ ይኸውም የፎርድ ሠራተኞች ሥራው የሚሻሻልበትን ሐሳብ ለአለቆቻቸው በጽሑፍ የሚያቀርቡበት ደንብ ነው። ይህንኑ ደንብ ወደ አገራቸው ወስደው በ1951 ዓ.ም. በቶዮታ ፋብሪካ አቋቋሙት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብሎን የሚያጠብቀው ሠራተኛ ስለ ብሎኑ የሚያውቀውን ለመናገር መንገድ አገኘ። አለቃው ከባሕር ማዶ ለመማር የሄደ ከሆነ፣ አጠገቡ ካለው ሠራተኛም መማር ይገባዋል ማለት ነው።

3ኛ. ከመደርደሪያው የተወሰደው ሕግ

በዚያው ፋብሪካ ሚስተር ታይቺ ኦኖ የተባሉ መሐንዲስ የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። በዘመኑ በነበረው አሠራር እያንዳንዱ ክፍል የቻለውን ያህል ይሠራና ለሚቀጥለው ክፍል ይገፋለት ነበር። ተቀባዩ ክፍል ቢፈልገውም ባይፈልገውም ዕቃው ይቆለላል፤ የተቆለለው ዕቃ ቦታ ይይዛል፣ ይዝጋል፣ ይጠፋል። ከሁሉም ይልቅ ኩባንያው ያጣው ጥሬ ገንዘብ በብረት መልክ ተቀምጦ ይውላል። መጋዘኑ በማይነሣ ዕቃ ተሞልቶ ካዝናው ባዶ የሆነበት ነጋዴ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል።

ሚስተር ኦኖ የአሜሪካን ሱፐርማርኬት ወሬ ሰምተው እንዲህ ሲሉ አሰቡ፤ በፋብሪካ ውስጥ ቀጥሎ ያለው ክፍል እንደ ደንበኛ፣ ከእርሱ በፊት ያለው ክፍል እንደ መደርደሪያ ቢቆጠር፣ ደንበኛው የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ በሚያስፈልገው ጊዜ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ያነሣል፤ የፊተኛውም ክፍል የተነሣበትን ብቻ ሠርቶ ይተካል። በ1953 ዓ.ም. ይህን አሠራር በማሽን ክፍሉ ውስጥ ሞከሩት። ምን እንደተነሣ የሚያስታውቅ አንድ ካርድ ከዕቃው ጋር እንዲሄድና ዕቃው ሲወሰድ ካርዱ ወደ ሠሪው ክፍል እንዲመለስ አደረጉ። ይህ ካርድ በጃፓንኛ ካንባን ይባላል፤ ትርጕሙም የምልክት ሰሌዳ እንደ ማለት ነው።

በ1956 ዓ.ም. ሚስተር ኦኖ ራሳቸው አሜሪካን ጎበኙ። የጀነራል ሞተርስንና የፎርድን ፋብሪካዎች ቢያዩም፣ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቃቸው ሱፐርማርኬቱ እንደነበረ በኋላ ጽፈዋል። እርሳቸው ወተትና ቆርቆሮ ምግብ የሚሸጡ ሰው አልነበሩም። ከምግብ ሱቅ የወሰዱት መደርደሪያውን ወይም ቅርጫቱን ሳይሆን፣ «የጎደለውን ብቻ ተካ» የሚለውን ሕግ ነው። መኪና ሠሪ ከባለሱቅ መማሩ ክብሩን አልቀነሰበትም፤ ገንዘቡን ግን ከመጋዘን አወጣለት።

4ኛ. መምህሩ ተማሪ የሆነበት ዘመን

የጃፓን ነጋዴዎችና መሐንዲሶች የተማሩት በጉብኝት ብቻ አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. የጃፓን የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ሊቃውንት ማኅበር ዊሊያም ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባሉትን አሜሪካዊ የስታቲስቲክ ሊቅ ጋብዞ ስለ ጥራት ቁጥጥር እንዲያስተምሩ አደረገ። የትምህርታቸውም ፍሬ ነገር፣ የተበላሸ ዕቃ ከተሠራ በኋላ ለይቶ ከመጣል፣ ብልሽቱ የሚመጣበትን ምክንያት በቍጥር እየተከታተሉ ከሥሩ ማስወገድ ይሻላል የሚል ነበር። ሊቁ ከትምህርታቸው ጽሑፍ ሽያጭ የሚደርሳቸውን ገንዘብ ለማኅበሩ ስለለገሱ፣ በ1951 ዓ.ም. በስማቸው የጥራት ሽልማት ተቋቋመ፤ ቶዮታም ይህን ሽልማት በ1965 ዓ.ም. ተቀበለ።

በገዛ አገራቸው ግን የሚስተር ዴሚንግን ትምህርት በኢንዱስትሪ መሪዎች ዘንድ የሚያዳምጠው ጥቂት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሠሩትን ሁሉ የሚገዛ ስለነበረ፣ ለመማር የሚያስገድድ ችግር አልታያቸውም። የነዳጅ ዋጋ በ1973 ዓ.ም. ከፍ ካለ በኋላ ግን ገዢው ነዳጅ የሚቈጥቡትንና ቶሎ የማይበላሹትን የጃፓን መኪናዎች መምረጥ ጀመረ። በ1980 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ጃፓን ከቻለች እኛ ለምን ያቅተናል?» የሚል መልእክት ያለው ፕሮግራም ሲያሳይ፣ ብዙ ሰው ሚስተር ዴሚንግን ያወቃቸው ያን ጊዜ ነው። እርሳቸውም 80 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። ቶዮታ ሠላሳ ዓመት አስቀድሞ የጎበኘው የፎርድ ኩባንያ፣ በ1981 ዓ.ም. ሚስተር ዴሚንግን ለምክር ጠራቸው።

ከዚህም የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በፍሪሞንት ከተማ የሆነው ነው። በዚያ የነበረው የጀነራል ሞተርስ ፋብሪካ በሥራ ጥራት ጉድለትና በሠራተኞችና በአለቆች ጠብ የታወቀ ነበር፤ ከሠራተኞቹም ከመቶ ሃያ ያህሉ ከሥራ የሚቀሩበት ቀን ብዙ ነበር። ፋብሪካው በ1982 ዓ.ም. ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ጀነራል ሞተርስና ቶዮታ በሽርክና ኑሚ የተባለ ኩባንያ አቋቁመው በ1984 ዓ.ም. መጨረሻ ፋብሪካውን እንደገና ከፈቱት። ከተቀጠሩትም ሠራተኞች አብዛኞቹ የቀድሞዎቹ ነበሩ።

የተለወጠው ሰው ሳይሆን አሠራር ነበር። ሠራተኞች በቡድን ወደ ጃፓን ተልከው ከቶዮታ ሠራተኞች ጎን ቆመው ተማሩ። በቀድሞው ዘመን የመገጣጠሚያው መሥመር በምንም ምክንያት እንዳይቆም ይታዘዝ ስለነበረ፣ ጉድለት ያየ ሠራተኛ ዝም ብሎ ያሳልፈው ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ አጠገቡ የተዘረጋውን ገመድ ስቦ ርዳታ እንዲጠራ፣ ካልተስተካከለም መሥመሩ እንዲቆም ተፈቀደለት። ጥቂት ጊዜ ሳይቆይ ከዚህ ፋብሪካ የሚወጡት መኪናዎች በጥራታቸው ከጃፓን ከሚመጡት ጋር የሚተካከሉ ሆኑ፤ ከሥራ የሚቀረውም ሰው እጅግ ቀነሰ።

ይሁን እንጂ ጀነራል ሞተርስ በአንዱ ፋብሪካ ያገኘውን ትምህርት ወደ ቀሩት ፋብሪካዎቹ ለማዛመት ብዙ ዓመታት ፈጀበት። በኑሚ ሠልጥነው የተመለሱ ኃላፊዎች በየፋብሪካው ተበትነው፣ ልማዱን መለወጥ ከማይፈልጉ ባልደረቦቻቸው ጋር ተጋጩ። የሚታየውን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያንኑ መሥራት ይቻል ይሆናል፤ ሠራተኛው ገመዱን ሲስብ አለቃው «ለምን አቆምከው?» ብሎ ከተቈጣ ግን የተሰቀለው ገመድ ምንም አይጠቅምም። ሌሎችም ብዙ ምክንያቶች ተጨምረውበት ጀነራል ሞተርስ በ2009 ዓ.ም. የኪሳራ አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቀረበ፤ የፍሪሞንቱም ፋብሪካ በ2010 ዓ.ም. በኑሚ ስም ይሠራ የነበረውን ሥራ አቆመ። ትምህርት ቤቱን በገዛ ግቢው ያቋቋመ ኩባንያ፣ ትምህርቱን ወደ ቤቱ ሁሉ ለማስገባት ዘገየ ማለት ነው።

5ኛ. ተማሪው የገዛ ስሕተቱንም ሲመረምር

የጃፓኑ አሠራር ነቀፌታ የሌለበት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በጃፓን ላይ ታላቅ የምድር መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል በደረሰ ጊዜ፣ ጥቂት ዕቃ ብቻ ይዞ መሥራት የሚያስከትለው አደጋ ተገለጠ፤ አቅራቢዎች ሲቆሙ ፋብሪካዎቹም ቆሙ። ቶዮታ «የእኛ ዘዴ ታዋቂ ነው» ብሎ አልተከራከረም። የትኞቹ ዕቃዎች ከቆሙ ለማግኘት ረዥም ጊዜ እንደሚፈጁ መርምሮ፣ ለኤሌክትሮኒክ ክፍሎች አቅራቢዎቹ የወራት ስንቅ እንዲይዙ አዘዘ። ከዚህም የተነሣ በ2021 ዓ.ም. የእነዚሁ ክፍሎች እጥረት በዓለም በተነሣ ጊዜ፣ ችግሩ የደረሰበት ከብዙዎቹ ተወዳዳሪዎቹ ዘግይቶ ነው። ከሌላው የተማረ ሰው ትምህርቱን እንደ ታቦት አቁሞ አይሰግድለትም፤ በየጊዜው ይፈትነዋል።

6ኛ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ትምህርት

በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን በቱኒዝያ ስለ ጥራትና ምርታማነት የሰጠችውን ርዳታ ተመልክተው፣ ይኸው ለኢትዮጵያም እንዲደረግ ጠየቁ። በ2009 ዓ.ም. በ30 ፋብሪካዎች ሙከራው ተጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ካይዘን የሚለው የጃፓንኛ ቃል መሻሻል ማለት ነው፤ ሐሳቡም በአንድ ቀን ታላቅ ለውጥ ከማምጣት ይልቅ ጥቂት በጥቂት፣ ያለማቋረጥ ማሻሻል ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሕዝብ ሐሳቡን እንደ እንግዳ ሊቈጥረው አይገባም።

ጃፓኖች የሥራ ቦታን ለማስተካከል የሚጠቀሙባቸው አምስት ቃላት አሏቸው፤ አምስቱም በአገራቸው ቋንቋ በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጀምራሉ። በኢትዮጵያ ቃላቱ እንዳሉ አልተወሰዱም፤ አምስቱም በ«ማ» የሚጀምሩ የአማርኛ ቃላት ተፈለጉላቸው፤ እነርሱም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። የማያስፈልገውን ከሚያስፈልገው ማጣራት፤ የሚያስፈልገውን በተወሰነ ቦታ ማስቀመጥ፤ ቦታውን ማጽዳት፤ ይህን በደንብ ማላመድ፤ ልማዱንም ማዝለቅ። ሠራተኛው በቋንቋው የማይናገረውን ትምህርት በእጁ ሊሠራው ስለማይችል፣ ይህ ትርጕም ትንሽ ሥራ አይደለም።

7ኛ. ለባለሱቅ፣ ለአስመጪና ለላኪ

ከላይ የተነገረው ታሪክ ለታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ የሚሆን ይመስላል። መነሻው ግን ሱቅ ስለነበረ፣ ሱቅ ውስጥ ሊሞከር ይችላል።

ለባለሱቅ። በክፍለ ሀገር ከተማ የሚኖር አንድ ባለሱቅ በሳምንት 6 ካርቶን ሳሙና ይሸጣል እንበል፤ ትእዛዝ ከሰጠበት ቀን ጀምሮም ዕቃው በ2 ሳምንት ይደርስለታል። በነዚህ 2 ሳምንታት 12 ካርቶን ይሸጣል። መንገድ ቢዘገይ ወይም ገዢ ቢበዛ 3 ካርቶን ቢጨምርበት 15 ይሆናል። እንግዲህ በመጋዘኑ 15 ካርቶን በቀረ ጊዜ የሚታይ አንድ ካርድ በዚያ ቦታ ያኑር፤ ካርዱ ላይ ሲደርስ ያዝዝ፤ ከዚያ በፊት ግን አይዘዝ። ይህን በአንድ ዕቃ ሁለት ወር ያህል ሞክሮ ቍጥሩን ካስተካከለ በኋላ በሌሎቹ ዕቃዎች ላይ ያስፋፋው። ሽያጩን የሚያውቀውም ዘወትር መደርደሪያው ዘንድ የሚቆመው ተቀጣሪ ስለሆነ እርሱን ይጠይቀው።

ለአስመጪ። ዕቃው በጅቡቲ ወደብ በኩል ብዙ ጊዜ ወስዶ የሚደርስለት አስመጪ የፋብሪካውን መጠን ቢቀዳ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ደንበኛው ይሸሻል። እርሱ መውሰድ የሚገባው ስሌቱን ነው እንጂ ቍጥሩን አይደለም፤ ዕቃው የሚዘገይበት ጊዜ ከረዘመ ስንቁም መብዛት አለበት። የ2011 ዓ.ም. ትምህርት ለእርሱ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ከዕቃዎቹ መካከል ተተኪ የሌላቸውንና ለማግኘት ብዙ ወራት የሚፈጁትን ለይቶ፣ ገንዘቡን በነዚያ ላይ ያስቀድም፤ ከማንኛውም አከፋፋይ በቀላሉ የሚገኘውን ግን በብዛት አያከማች።

ለላኪ። ቡና፣ ሰሊጥ ወይም ቆዳ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ከባሕር ማዶ ገዢ የቅሬታ ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ሐሳቡ መከላከያ መልስ መጻፍ ነው። ደብዳቤው ግን ጉድለቱን የሚያሳይ ነጻ ትምህርት ነው። የተላከው ዕቃ እርጥበት ከበዛበት፣ እርጥበቱ የገባው በአደራረቁ ይሁን፣ በመጋዘኑ ወይስ በጭነቱ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ እየሄደ ይመርምር። አቅራቢውን፣ መጋዘን ጠባቂውንና ሹፌሩን ይጠይቅ፤ የነገሩትንም ይጻፍ። በዓመት የደረሱትን ቅሬታዎች በአንድ ደብተር የሚሰበስብ ላኪ፣ በዓመቱ መጨረሻ አንዱ ጉድለት ስንት ጊዜ እንደተደጋገመና ምን ያህል ገንዘብ እንዳስወጣው በቍጥር ያያል።

ለሦስቱም የሚሠራ አንድ ምክር አለ። አንድን አዲስ ነገር ሲያዩ «ይህ ለእኛ አገር አይሆንም» ከማለት በፊት፣ «የተሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? ያ ምክንያት በእኔ ቤት አለ ወይስ የለም?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ምክንያቱ ካለ ዘዴውን ለቤቱ እንዲስማማ አድርጎ መሞከር፤ ከሌለም መተው። ተማሩ የተባሉት ሠራተኞችም ሐሳባቸው ሲደመጥ እንጂ ሲታዘዙ ብቻ አይማሩም።

ሚስተር ሳንደርስ በሜምፊስ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ለጃፓን መኪና ሠሪ የሚሆን ሕግ ያስተምራሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዛሬም በመርካቶ፣ በአዋሳ ወይም በጎንደር ካሉት ሱቆች አንዱ፣ ጎረቤቱ ሊማረው የሚገባ ዘዴ ይኖረው ይሆናል። ጎረቤቱ ጎራ ብሎ ከጠየቀ ዕውቀቱ ለሁለት ይሆናል፤ ካልጠየቀ ግን የሚወስደው ዕቃውን ብቻ ነው፤ ትርፉንም ይካፈላል እንጂ አይጨምርም።